እሳት ሳይነካው የጨሰው ብስባሽ

ኮሶዬ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ የሆንኩት ወድጄ አይደለም። በስብሰባው ቀን ቀርቼ ነበር፤ እኛ ዘንድ የቀረ ሰው ይመረጣል።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪው መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። ይጠርጋል ግን አልልም። ዘጠነኛ ክፍል ቆሻሻውን ወደ አሥረኛ ደጃፍ ይገፋል፣ አሥረኛ ይመልስለታል። መጨረሻ ላይ ሁሉም አጥር ሥር ይከመርና ክብሪት ይጫርበታል። ፌስታሉም ቅጠሉም አብሮ ሲነድ እኛ ስናስል እንውላለን።

ሰለቸኝና “ቅጠሉን ከምናቃጥለው ብስባሽ እናድርገው” አልኩ። ርዕሰ መምህሩ “ሸጋ ሐሳብ ነው” ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ራሱን ከነቀነቀ ሥራው የእኔ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ሣርና ቅጠል ወዲህ፣ ፌስታልና ላስቲክ ወዲያ፤ ይኸው ነው ትምህርቱ። ዞር ስል የብስኩት ላስቲክ ከሣሩ መሐል ይገኛል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስምና አታብዙ ስላቸው፣ ቅርብ ያለው እሱ ነውና ጆንያ ሙሉ እሱኑ ያመጣሉ። አንዱ ጎረምሳ “ቲቸር፣ ላሞች ፌስታል ይበሉ የለ?” አለኝ።

“ይሞቱበታል እንጂ!” ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ሳቁ።

ከልቧ የሠራችው የክበቡ ሊቀ መንበር ናት፣ የአሥረኛ ክፍል ልጅ። ከቤቷ እበት በጆንያ ተሸክማ ስትመጣ ጓደኞቿ አፍንጫቸውን ያዙ። “የእናንተ ቤት ከብት ሽቶ ነው የሚጥለው?” አለቻቸውና ደፋችው። እየገለበጥን፣ ውሃ እያጠጣን ቆየን፤ ክምሩ ውስጡ ሞቀ። እኔም ደስ አለኝ።

ያኔ ነው ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ የተባለው። ዋዜማውን ግቢው ተጠረገ፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ። በማግስቱ ጧት ከተማ፣ አራዳ ሰፈር ካለው ቤቴ ወጥቼ በሚኒባስ ስደርስ፣ ክምራችን ከሰንደቁ እስከ ቢሮው ደጃፍ ተበትኖ፣ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ። ሽማግሌው ዘበኛ ባዶ ጀሪካን ይዘው፣ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቋቸው ቆመዋል።

“ምነው አያ! ምን ሆነው ነው?”

“ምነው ትያለሽ እንዴ? ጨሰ እኮ! ንጋት ላይ ጢሱ ተግተለተለ። በአካፋ በታትኜ ውሃ ደፋሁበት። ትምህርት ቤቱን አዳንኩት!”

“ጢስ አይደለም አያ፣ እንፋሎት ነው። ሲበሰብስ ራሱ ይሞቃል።”

“ያለ እሳት?” በአዘኔታ አዩኝ። “እሱን ለተማሪዎችሽ ንገሪ።”

ርዕሰ መምህሩ እየሮጠ መጣ። “መምህርት፣ ምነው በዛሬ ቀን!” አለ፣ እኔ የበተንኩት ይመስል። “ቶሎ አስነሺው!”

“ወዴት?”

“ወዴትም!”

ሰልፉ ቀርቶ ተማሪው አካፋ ያዘ። ሊቀ መንበሯ በንዴት እንባዋ እየመጣ ትዝቃለች። ሳንጨርስ የእንግዶቹ መኪና ገባ። የመጀመሪያው እንግዳ በተወለወለ ጫማው ጭቃው መሐል ወረደና “ይህ ምንድን ነው?” አለ።

“ኮምፖስት ነው” አለ ርዕሰ መምህሩ ሳይደናገጥ። “ተማሪዎቻችን ለአትክልቱ እያሰራጩ ነው።”

“በጣም ጥሩ! ትምህርት በተግባር ማለት ይህ ነው!”

ርዕሰ መምህሩ ከሊቀ መንበሯ እጅ አካፋውን ተቀብሎ ፎቶ ተነሳ። እሷን ፈቀቅ በይ አሏት። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጭቃውን መዛቅ ቀጠልኩ።

ሲሄዱ የተረፈውን ሰብስበን፣ ጭድ ጨምረን እንደገና ከመርን። ዳግም ሲሞቅ ዘበኛውን ጠርቼ እጃቸውን ክምሩ ውስጥ አስከተትኳቸው። “በስመ አብ!” ብለው መንጭቀው አወጡት። ማመናቸውን እንጃ፤ ብቻ ውሃ አልደፉም።

በብስባሹ ጎመን ተከልን፤ ቅጠሉ ጃንጥላ አከለ። ደረሰ ስንል የመምህራን ምግብ ቤት ለምሳ ቆርጦ ወሰደው። ሊቀ መንበሯ መምህራን ክፍል ድረስ መጥታ፣ በሁሉም ፊት “ቲቸር፣ የእኛ ድርሻስ?” አለችኝ።

ያን ጊዜ ዝም አላልኩም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ በሩ ክፍት እንደሆነ ጮህኩ። ያልተቆረጠው የጎመን መደብ ለተማሪዎቹ ክበብ ተመለሰ። ልጆቹ በብረት ድስት ቀቅለው፣ ከየቤታቸው ባመጡት እንጀራ እየጠቀለሉ በሉ። እኔንም አጎረሱኝ። ጨው አንሶት ነበር።