ሚስ ኒታ ቀምሳዋለች

አክስቴ ኒታ በቴክሳስ ጠረፍ፣ ወንዙ ከባሕሩ ወሽመጥ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ለዓሣ አጥማጆች ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ ባለጢም የባሕር እንስሳ በሕይወት እንዳለ ስትሸጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራለች። ሽሪምፑ መንጠቆ ላይ የሚሰካ ነው፤ የሞተውን ዓሣው ዞር ብሎም አያየው። ስለዚህ የእሷ ዋና ሥራ መሸጥ ሳይሆን ማቆየት ነበር። ጎህ ሲቀድ ጀልባዎቹ እስኪመጡ ድረስ በስድስት ገንዳ ውስጥ ያለው ነፍስ ሁሉ በእጇ ነው።

ገንዳዎቹ ክብ ናቸው፤ ሽሪምፕ ማዕዘን ካገኘ እዚያው ተደራርቦ ይታፈናል። የፀሐይ ቅባት የተቀባ ሰው እጁን ውስጥ አይከትም። የቧንቧ ውሃ በውስጡ የሚጨመረው መድኃኒት ስለሚገድላቸው ጠብታም አይገባም፤ በሙቀት ቀን በረዶው በጠርሙስ እንደታሸገ ይንሳፈፋል እንጂ ውሃው ውስጥ አይቀልጥም። የሞተ ከታየ ሌላውን ሳይበክል ይወጣል። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ እሷ ስመጣ ይህን ሁሉ በአንድ ወር ያዝኩት። ምላሷን ግን ልይዘው አልቻልኩም።

በየማለዳው ፓምፑ ከወሽመጡ የሚስበውን ውሃ በጣቷ ነክታ ምላሷ ጫፍ ላይ ታደርግና ዓይኗን ትጨፍናለች። ጨው ልክ ከሆነ የፓምፑ ቱቦ ከላይ ባለበት ይቆያል። ወንዙ ሲሞላ ግን የወንዙ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ጨዋማው ከሥሩ ይቀራል። ያኔ ቱቦው ወደ ታች ይወርዳል። ሁልጊዜ ታች እንዳይቀመጥ ደግሞ የታችኛው ውሃ ጭቃ አለው፣ አየሩም ያንሳል። እናም በየቀኑ አንድ ሰው መወሰን አለበት። ሠላሳ አንድ ዓመት የወሰነችው እሷ ናት። አጥማጆቹ ሽሪምፑ ደህና መሆኑን ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሚስ ኒታ ቀምሳዋለች?

አንድ ጊዜ ካፒቴን ዴልበርት የመስታወት የጨው መለኪያ ገዝቶ አመጣላት። እንግዶችን እየጫነ ዓሣ የሚያስጠምድ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ሚስ ኒታ፣ እንግዲህ ምላስዎ ጡረታ ይውጣ» አላት።

«ያንተ ይቅደም። ሳያርፍ የሠራው እሱ ነው።»

መለኪያውን ብሎን ከምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። እሱ ሲሄድ ግን ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው እዚህ የሚመጣው ምላሴን አምኖ ነው። እሱ ከሌለ በር ላይ የተቀመጥኩ አሮጊት ነኝ።»

ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች። ሂውስተን ከተማ ሠላሳ ሦስት ቀን በጨረር ታከመችና ድናለች ተብላ፣ ድምፅዋ ሻክሮ ተመለሰች። በተመለሰች በሳምንቱ የቀዳሁላትን ወተት ጠጥታ ጨረሰች። እኔ በኋላ ከዚያው ጠርሙስ አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ ተፋሁት፤ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። ምንም አላልኳትም። እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም።

ውሃውን መቅመሷን አልተወችም። ጣቷን ትነክራለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። አሁን ግን ከመንከሯ በፊት ብዙ ታያለች፤ ሌሊት ዘንቦ እንደሆነ፣ የውሃው መልክ ደፍርሶ እንደሆነ፣ ትንንሾቹ ዓሣዎች ምሰሶዎቹ ሥር ይዘሉ እንደሆነ። በዓይኗ ትቀምስና በምላሷ ትመሰክር ነበር። ስምንት ወር አንድም ገንዳ አልሞተባትም። እኔም ቀስ በቀስ ልቤ ተረጋጋ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ጥቅምት ላይ፣ እኛ ጋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ ያላለ ዝናብ፣ ወንዙ በሚመጣበት አገር ሲወርድ ሰንብቶ ኖሯል። ዓርብ ማለዳ ሰማዩ በከዋክብት ሞልቶ ነበር፤ የውሃው መልክ በጨለማው አይታይም። ነከረች፣ ጨፈነች።

«ልክ ነው። ቱቦው ይቆይ።»

አጠገቧ ነበርኩ። ጣቴን መስደድ እችል ነበር። አፈርኩ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሽሪምፖቹ ወደ ላይ ወጥተው የገንዳውን ክዳን መረብ እየነጠሩ ይመቱ ጀመር። ከዚያ ጅራታቸው የተቀቀለ መሰለ፤ ነጣ። መረብ አንስተን ወደ ገንዳዎቹ ስናጎነብስ፣ ጎህ ሲቀድ ከእኛ ገዝቶ የሄደው ዴልበርት ባዶ ባልዲ ይዞ መጣ። እንደ ልማዱ ከሩቅ አልጮኸም።

«ሚስ ኒታ፣ የምናጠምድባት ደሴት ጋ ሳንደርስ አለቁብኝ። ውሃቸውን የሚያዘዋውረው የጀልባዬ ፓምፕ ነው የገደላቸው» አለ። «ባሕሩ ላይ እንዳለሁ ፈታትቼ አየሁት፤ ምኑ እንደሆነ ግን አልገባኝም። እንግዶቼን ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ መለስኳቸው።»

የእኛን ገንዳዎች አላየም፤ በሩ ላይ ነበር የቆመው። አክስቴ የያዘችውን መረብ ከኋላዋ ደበቀች። ስትደብቀው አየኋት።

«ነገ ና» አለችው።

ከሄደ በኋላ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ቆይታ፣ «ነይ ቅመሺው» አለችኝ።

ቀመስኩት።

«እ?»

«ጨው የተረሳበት ሾርባ ነው።»

«መቼ ነው ያወቅሽብኝ?»

«ከወተቱ ጀምሮ።»

«ምን ወተት?» አለችና ወዲያው ገባት። ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። «ምነው ዝም አልሽኝ?»

«አፈርኩ።»

«እኔም» አለች። «ነይ፣ ቱቦውን እናውርደው።»

ሁለት ክንድ አወረድነው። እየቀመስኩ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጠይቀኛለች፦ ምላስሽ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ጎንና ጎኑ? ቆየ ወይስ ወዲያው ጠፋ? ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም ያልነገረችውን ነበር የምትነግረኝ። አራት ገንዳ ሞቷል። የሞቱትን ማንም እንዲያወጣላት አልፈለገችም፤ ወገቧን ይዛ ራሷ አወጣቻቸው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በተረፉት ሁለት ገንዳዎች ውስጥ ያሉት ሽሪምፖች ወደ ታች ወርደው፣ ቀጭን ጢማቸውን ዘርግተው ተረጋጉ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ዘጠኝ ሰዎች ባልዲያቸውን ይዘው በር ላይ ተሰለፉ፤ ከፊት ዴልበርት ነው። ታጥቦ ያልለቀቀ ዘይት በጥፍሮቹ ሥር ይታያል፤ ፓምፑን ሲታገል እንደዋለ ያስታውቃል።

«ተቀምሷል?» አለ።

አክስቴ እጇን በሽርጧ አደረቀች።

«ዴልበርት፣ ፓምፕህ ምንም አልሆነም። ትናንት ውሃው ጨው አልነበረውም፣ እኔ አላወቅሁም። ከጨረሩ ወዲህ ምላሴ ምንም አይለይም። ስምንት ወር ሙሉ አታለልኳችሁ።»

ከኋላ ያለ አንድ ሰው ባልዲውን መሬት አስቀመጠ።

«ስምንት ወር» አለ ዴልበርት።

«አዎ።»

ቡትቶ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ፓምፑን መልሼ ስገጥመው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሁለት ብሎን ተርፎኛል። የት እንደሚገቡ እስካሁን አላገኘሁትም።»

አንዱ ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። መሳቢያውን ከፈተች፣ የመስታወት መለኪያውን አውጥታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ወለወለችና ከገንዳው ጎን አስቀመጠችው።

«ይሄ የእሷ ነው» አለች፣ ወደ እኔ እያየች። «ምላሷ ገና አዲስ ነው፤ እስኪለምድ በዚህ ይመሳከራል። ነይ።»

ዘጠኝ ሰው እያየኝ ጣቴን ነከርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ለመቅመስ ይሁን ላለማየት አላውቅም። ጣዕሙ ከምላሴ ጫፍ አልፎ ጎንና ጎኑ ላይ ደረሰ፣ ቆየም።

«ጨው አለው» አልኩ።

«አልሰማንሽም» አለች አክስቴ። «ጮክ በይ። ሰዎቹ ባሕር ሊገቡ ነው።»

«ጨው አለው።»

መለኪያውን ዴልበርት አነሳው፣ ውሃ ጨምሮ ወደ መብራቱ አስጠጋው፣ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ባልዲውን እንደ ወትሮው ለእሷ ዘረጋላት። አክስቴ መረቡን አነሳችና ሽሪምፑን መቁጠር ጀመረች።