ከኩባያው መያዣ ማዶ

ማዕዶት እልኸኛ ናት። ይህን የምለው ላሞግሳት ብዬ አይደለም፤ አብሯት ለሚሠራ ሰው እልኋ ምሳ ያስረሳል። ሃያ ዓመት ታይፒስት ሆና ኖራ፣ በአርባ አራት ዓመቷ ፎቶሾፕ ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የሷ ግን በስድስት ወሩ ሲሮጥ አየነው። ዛሬ ከየካ አባዶ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ፣ የካ ያለው ማተሚያ ቤታችን ሁላችንንም ቀድማ ትገባለች። እሷ ኮምፒውተር ላይ ምስሉን ታዘጋጃለች፣ እኔ ኩባያና ቲሸርት ላይ አትማለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈራችን እድር ሠላሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ለአባላቱ የሚታደል ኩባያ አዘዘን። ኩባያው ላይ የሚታተመው የአሥራ ሁለቱ መሥራቾች ፎቶ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዛፎች ሥር፣ በእድሩ ድንኳን ፊት ተሰልፈው የተነሡት። ስክሪን ላይ ተዘርግቶ ሲታይ እንከን የለውም። ማዕዶት ግን በኩባያ ቅርጽ ላይ ጠቅልላ ስታዞረው፣ ዳርና ዳር የቆሙት ሁለት ሰዎች መያዣው ሥር ተወሸቁ። ኩባያውን ያነሣ ሁሉ በጣቶቹ ይሸፍናቸዋል።

በግራ ዳር የቆሙት አቶ ፍሥሐ ናቸው። ፎቶውን በተነሡ በዓመቱ ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተሥላሴ ናሙናውን ሊያዩ መጥተው ባላቸውን ስክሪኑ ላይ ሲፈልጉ ቆዩና አጡ። ማዕዶት ከፎቶው ቆርጣ መሐል ልታስገባቸው እንደምትችል ነገረቻቸው። እሳቸው ግን አልተስማሙም።

«ከቆመበት አትቁረጭብኝ ልጄ» አሉ። «ብቻ ሰው ሻይ ሲጠጣ ፊቱን ይየው።»

አለቃችን ዳንኤል እንዳለ ይታተም አለ። እኔም ደገፍኩት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ማዕዶት ፎቶውን ወረቀት ላይ አትማ ባዶ ኩባያ ላይ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ መልሳ ስትጠቀልል ሁለት ቀን ዋለች። በሦስተኛው ቀን መቀስ አንሥታ ወረቀቱን መሐሉ ላይ ለሁለት ቆረጠችው። እዚያ የድንኳኑ ምሰሶ እንጂ ሰው የለም። ከዚያ ዳርና ዳሩን አገናኝታ ጠቀለለችው። መያዣው ምሰሶው ላይ ዋለ፤ ዳሮቹ ደግሞ ከመያዣው ማዶ፣ ፊት ለፊት ገጠሙ። የግራው ባሕር ዛፍ ከቀኙ ጋር አንድ እንዲመስል ኮምፒውተሩ ላይ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ስታዋድድ ሌላ ሁለት ቀን ፈጀች።

በቀኝ ዳር የቆሙት ግን የእድሩ ዳኛ አቶ ገረሱ ናቸው። እሳቸውና አቶ ፍሥሐ በአጥር ወሰን ተጣልተው ስድስት ዓመት ሰላም ሳይባባሉ ኖረዋል፤ ፎቶው ላይ ዳርና ዳር የያዙትም ላለመጠጋጋት ነው። ሽማግሌ ቢገባም አልሆነም። ፍሥሐ ሲሞቱ ገረሱ እንደ ዳኛ ቀብሩን አስፈጽመዋል፤ እርቅ ግን ሳይወርድ ቀረ። አሁን ኩባያው ላይ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ያለ ዳኛው ፊርማ ደግሞ አንድም ኩባያ አይታተምም።

ዳንኤል ሥራው ይሰረዝብናል ብሎ ለመናት። ማዕዶት ግን አይተው ራሳቸው እምቢ ይበሉኝ እንጂ አልመልሰውም አለች።

አቶ ገረሱ መጥተው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ወይዘሮ ለተሥላሴ ከኋላቸው ቆመዋል። ማዕዶት ኩባያውን አዞረችው። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። እኔ ሥራ የያዝኩ መስዬ ወደ ማሽኑ ዞርኩ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ማዕዶት። «አቶ ፍሥሐ ጣት ሥር እንዳይቀሩ ነው። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።»

አቶ ገረሱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። በሁለቱ ሰዎች መካከል የቀረችው አንዲት ቀጭን የባሕር ዛፍ ግንድ ብቻ ነበረች። ጣታቸውን እሷ ላይ አሳረፉ።

«ይቺን አንሺያትና ትንሽ ወደሱ አስጠጊኝ።»