የማን ልጅ ናት?

እኔ ቁጣዬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ነው፤ የቡድናችን ሰዎች ይህን ችለው ነው አብረውኝ የሚሠሩት። አራት ነን። አንዱ ከቅል የተሠራውን፣ ባለ ብዙ ክሩን ኮራ የሚደረድር ማሊያዊ ነው። ሌላው ሳክስፎን የሚነፋ የሮም ልጅ፣ ሦስተኛው ደርቡካ የሚባለውን የዐረብ ከበሮ የሚመታ ግብፃዊ ነው። እኔ የኛን ከበሮ እመታለሁ። ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ ከአንድ የጨርቅ መደብር ሥር ባለች ምድር ቤት እንለማመዳለን። ሳክስፎኑ ወደ ጃዝ ይጎትተናል፣ ግብፃዊው ወደ ካይሮ፣ እኔ ወደ ጎንደር። ማሊያዊው ማንንም አይጎትትም፤ ፈገግ ብሎ ክሩን ይነካካል፣ በመጨረሻ ሁላችንም እሱ ጋ ሄደን እንገኛለን።

እሱ ግሪዮ ነው። እንደኛ አዝማሪ ማለት ነው፣ ግን ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በደም ይወርዳል። ሠርግ ላይ ሲጠራ መጀመሪያ የሙሽራዋን ወገን ያወድሳል፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ አያቷ ማን እንደነበሩ። ሳያወድሱ መዳር እነሱ አገር ነውር ነው።

ባለፈው በጋ የተዳረችው ልጅ እህቴ ማለት ናት። ቪያ ኩርታቶኔ በሚባለው መንገድ ላይ፣ እኛ ስደተኞች ገብተን በሰፈርንበት ባዶ ሕንፃ ውስጥ፣ ፖሊሶች አስወጥተው እስኪበትኑን ድረስ አንድ ክፍል በመጋረጃ ተካፍለን ኖረናል። ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ፣ በሊቢያ በኩል ብቻዋን የመጣች ናት። የሙሽራው እናት ደግሞ ሮም ውስጥ በትልቅ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ የኖሩ፣ የተከበሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ የተዋወቁ ዕለት «ወገኖችሽ የት ናቸው?» ሲሏት ሻይ ላምጣ ብላ ተነሥታ ወጣች።

ከሠርጉ በፊት ደወለችልኝ። «አደራሽን፣ ስለ ዘመድ የሚነሳ ነገር እንዳይኖር። በኔ በኩል ማን አለ? እሳቸው ፊት ማፈር አልፈልግም።» አንጀቴን በላችው። ማሊያዊውን «ለዚህ ሠርግ ውዳሴውን ተወው» አልኩት። «ቫ ቤኔ» አለኝ፤ እሺ ማለቱ ነው።

የሠርጉ ዕለት የወንዱ ወገን ጢም ብሎ ሞልቷል። በኛ በኩል ወንበሩ ባዶ ነው። የሕንፃው ሰው የሚበዛው ጀርመን ገብቷል፣ ሰላም ፓላስ ወደሚባለው ሌላው የስደተኞች ሕንፃ የገቡትም ከሥራ ፈቃድ አላገኙም። ሙሽራዋ ወደዚያ ላለማየት ፊቷን ታዞራለች።

ማሊያዊው ኮራውን አቀፈና በጣልያንኛ «ይህች ሙሽራ የማን ልጅ ናት?» ብሎ በማይክራፎን ጠየቀ። ለካ ቫ ቤኔ ያለኝ ቁጣዬን ለማብረድ ነው። አዳራሹ ሁሉ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞረ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። በዚያች ደቂቃ በገዛ ክሩ ባንቀው ደስ ባለኝ።

እሱ እየደረደረ ይጠብቃል። አይለቅም። አሎራ፣ እንግዲህ ዝም ካልኩ ዝምታው ራሱ መልስ ሊሆን ነው። አዝማሪ ቤት እንደሚደረገው «ተቀበል!» አልኩት። እኔ ግጥም እሰጣለሁ፣ እሱ ተቀብሎ ያዜማል፤ በልምምድ ጊዜ አስተምሬዋለሁ።

*የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ ካለ፣*
*በየደረጃው ላይ ዘመድ ሞልቷት የለ!*

ትርጉሙን ሳያውቅ፣ እየተኮላተፈ ተቀበለኝ። ቀጠልኩ። ድስት ያዋሰችንን የሁለተኛ ፎቅ ሴትዮ፣ ሲያተኩሳት አዝሎ ሆስፒታል ያደረሳትን የአራተኛ ፎቅ ኤርትራዊ፣ ጣልያንኛ ያስተማሯትን የምድር ቤት ሽማግሌ እያነሳሁ ገጠምኩላቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ። እሱ በራሱ ቋንቋ እየጨመረበት ከፍ አደረገው፣ ሳክስፎኑ ከኋላ ገባ፣ ደርቡካውና ከበሮዬ ተያያዙ። እወደዋለሁ ይህን ግትር ሰውዬ።

የሙሽራው እናት ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሳህናቸውን ይዘው አዳራሹን አቋረጡና በኛ በኩል ካሉት ባዶ ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ። ሙሽራዋ ቀና አለች።

«እኔንም በግጥምሽ ጥሪኝ እንጂ» አሉኝ።

«የትኛው ፎቅ ላይ ላድርግዎት?» አልኩ እንባዬን እየጠረግኩ።

«እሷ ካለችበት» አሉ።