የጎርፍ እንጨት

ልጅ እያለሁ ጎርፍ እወድ ነበር። ይህን ለሌላ አገር ሰው ብናገር ይገረማል፤ የመንዝ ልጅ ግን ይገባዋል። በእኛ መንደር ዛፍ ብርቅ ነው። የምናነደው ኩበት ነበር፣ እሱም በክረምት ይረጥብና ቤቱን በጭስ ያፍነዋል። ስለዚህ ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል፣ ከላይ ነቅሎ ያመጣውን ቅርንጫፍና ሥር ለመልቀም እናቶችም ልጆችም እየዘፈንን እየተንጋጋን እንወርድ ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት ወለላ ውሃው ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ጠምጥሞ የተወውን ሣር እንኳ አትተውም፤ እሳት ለማያያዝ ታራግፈዋለች። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሥር ምድጃ ዳር ሲደርቅ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የተረፈውን ለደመራ እንወስደዋለን፤ ከመስቀል በኋላ የወንዙ ዳር ሜዳ ጎርፍ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

አንድ በጋ ጤና ኬላ ሊሠራልን ነው ተባለ። መንደሩ በደስታ ሰከረ። እስከዚያ ድረስ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ነበር የምትወሰደው። ለቤቱ የሚሆን ቦታ ግን አልነበረም። ቁልቁለቱ ሁሉ የገብስ ማሳ ነው፤ ሣር የምናጭድበት ጓሳው ደግሞ የጋራ ነው፣ በሕግ የተጠበቀ፣ ማንም ቤት አይሠራበትም። የቀረችው ያቺው የወንዝ ዳር ሜዳ ነበረች።

ቦታውን የሚያይ መሃንዲስ መጣ። ብርዱ ያስለው ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ ሥራውንም አልናቀም። ቁጥቋጦውን ሁሉ እየዞረ ሲመረምር እኛ ልጆቹ ጀርባው ላይ ተለጥፈን ዋልን። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ።

«አባቶቼ፣ ውሃው እስከየት ይወጣል?»

የወለላ ባል አያ በለጠ መለሰ። «አልፎ አልፎ ወደዚህ ይላል ጌታዬ። ክፉ ውሃ ግን አይደለም፣ እንዲያውም እንጨት ያመጣልናል።»

«እስኪ ውሃው ቁጥቋጦው ላይ የተወውን ምልክት አሳዩኝ።»

ሁሉም ዞር ዞር ብሎ አየ። አንዲት ጭራሮ የለችም። ያኔ ወለላ ከሴቶቹ መሃል፣ «ምልክቱንማ አንድደነዋል!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መሃንዲሱም ሳቀ። መሠረቱን በድንጋይ ትንሽ ከፍ አድርጉት ብሎ ሄደ። ማንም አልዋሸም። ሲሳይ ያመጣልን የነበረ ውሃ ቤት ያፈርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም፣ ያ ብቻ ነው።

ጤና ኬላው ተሠራ። አዲስ ቆርቆሮና ኖራ ይሸት ነበር። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ተወለደ፤ እናቴ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች። ይህ በእኛ አገር ታምር ነበር።

በተከታዩ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከላይ በኩል ከባድ በረዶ ጣለ። ከቀትር በኋላ ወንዙ እየጮኸ መጣ። ዳገት ላይ ቆመን ግድግዳው ሲናድ፣ ጣሪያውም ተገንጥሎ ሲሄድ አየን። ውሃው ሲጎድል እንደልማዳችን ለለቀማ ወረድን፤ ከጭቃው ውስጥ ያወጣነው ግን የጤና ኬላውን በርና ማገር ነበር። ያን ቀን የዘፈነ ልጅ የለም።

ወለላ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ቀኗ ሲደርስ በቃሬዛ ተሸክመዋት መሐል ሜዳ ሳይደርሱ፣ መንገድ ላይ ከነልጇ ሞተች። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ሳቋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔ አሁን ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ባለፈው በጋ አገር ቤት ብሄድ፣ ጤና ኬላውን እንደገና ሊሠሩ ተነስተዋል። የተማርሽ ልጃችን ነሽ፣ ቦታውን እይልን ብለው ይዘውኝ ወረዱ። ያችው ሜዳ ናት። ቁጥቋጦውን አየሁ፤ የዛሬዎቹም ልጆች ጭራሮ ሳያስቀሩ ለቅመውታል። እኔ ግን ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ለማወቅ ምልክት አያስፈልገኝም።

«አያ በለጠ፣ እዚህማ እንዴት ይሆናል?» አልኩ።

አርጅተዋል፤ ያኔ አንተ ስንላቸው የነበሩት ሰው ዛሬ አንቱ ሆነዋል። የአሮጌው መሠረት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በበትራቸው መሬት ይጭራሉ። «እናውቃለን ልጄ» አሉ። «ሌላ የት አለ? ገብሱን አንስተን ምን እንብላ?»

ያኔ ሳናውቅ ነበር የሠራነው፤ ባለማወቃችን ውስጥ ሳቅ ነበረበት። ዛሬ ሁሉም እያወቀ ድንጋይ ያመላልሳል። ወንዙን ወንዙን አያለሁ፤ በጋ ነውና ጠጠሩ ላይ ስስ ብሎ ይፈሳል።

አያ በለጠ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ውሃው እስኪመጣ ድረስ» አሉ፣ «የሚወልዱት ይወልዳሉ።»