ከሐዲዱ ሥር የወጣው ዳስ

ናይሮቢ ፓርክላንድስ ባለን ሐበሾች መሃል ክብረት «ሰው የማያምን» ይባላል። እውነት ነው፣ ዛሬ ሰላምታ እንኳ መርምሮ ነው የሚቀበለው። እኔ ግን ሲያምን ያየሁት ሰው ስለሆንኩ ይህ ሐሜት በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ክብረት ድሬዳዋ ሳለ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። በስደት ናይሮቢ ከገባ በኋላ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐዲድ የሚያድስ አንድ ኮንትራክተር ፎርማን አድርጎ ቀጠረው። ቦታው ዋልካ አፈር ነው። ዝናብ ሲመታው ያብጣል፤ ጭቃው በጠጠሩ መሃል ወደ ላይ ይወጣና ሐዲዱ ይሰምጣል። ለዚህ መላው በአፈሩና በጠጠሩ መካከል የሚነጠፍ ወፍራም የፕላስቲክ ጨርቅ ነው። ውሃውን ያሳልፋል፣ ጭቃውን ያስቀራል። መሐንዲሱ ጂኦቴክስታይል ይለዋል፣ ሠራተኞቹ ብላንኬቲ። ወደፊት ፈጣን ባቡር ያልፍበታል ስለተባለ ክብረት በሥራው ይኮራ ነበር። መንገዱ ከጸና ቋሚ ሠራተኛ እንደሚያደርገው መሐንዲሱ ቃል ገብቶለታል። ይህ ለስደተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ አላስረዳም።

ዕቃ ቤቱን እንዲጠብቅ ያስቀጠረው አወቀን ነው። አወቀ የድሬዳዋ ባልንጀራው፣ ሚስቱ የክብረትን ልጅ ሐሴትን ክርስትና ያነሳችለት አበልጁ ነው። ክብረትን ወባ በጣለው ሳምንት አወቀ ተክቶት ሠራ። ክብረት ሲነሳ ሐዲዱ ጠጠር ለብሶ ጠበቀው።

«ብላንኬቲው ተነጠፈ?» አለው።

«ልክ እንዳንተ አድርጌ ነዋ፣ አበልጄ።»

ጠጠሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ይችል ነበር። ግን አበልጅ ይፈተሻል እንዴ? ዓይኑ እያየ መቆፈር በጥፊ ከመምታት አይለይም። መሐንዲሱ ሲጠይቀው «ተነጥፏል፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አለ።

በዚያው ዓመት ኅዳር፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ሐሴት ተዳረች። የኤልኒኞ ዝናብ ከተማውን ሲያጥበው የከረመበት ጊዜ ነው። አወቀ «ዳሱ የኔ ድርሻ ነው» ብሎ ክብረት ሥራ ላይ ሳለ ግቢው ውስጥ አቆመው። ሴቶቹ ውስጡን በነጭ አቡጀዴ ስላለበሱት ጣሪያውን ልብ ያለው የለም። እኔ ራሴ ወጥ እየጨለፍኩ «ተባረክ» ብዬዋለሁ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ሙሽሮቹ እንደተቀመጡ ዝናቡ ወረደ። ዳሱ ለአፍታ ያዘና ከዳር እስከ ዳር ያንጠባጥብ ጀመር። እንግዳው ወንበሩን እየጎተተ ይስቃል። አወቀ «ምን ዓይነት ሸራ ነው የሸጡልኝ!» ይላል። ክብረት ብቻ አልሳቀም። ተነስቶ አቡጀዴውን ገለጠና ከላይ ያለውን ጨርቅ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው፤ ሸራ ሳይሆን ብላንኬቲው ነው። ከዚያ አወቀን አየው። አወቀ ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ አዞረ።

ይኸው ዝናብ ሐዲዱም ላይ እየወረደ ነበር። ሐሴት ጉልበቱን ልትስም ስትመጣ ግንባሯን ሳማትና «መጣሁ» ብሏት ጎረቤት ሄደ። መሐንዲሱ ጋ ስልክ ደውሎ ባቡሩ በዚያ እንዳያልፍ አስቆመ።

በማግስቱ ተቆፍሮ ሲታይ ከጠጠሩ ሥር ጭቃ ብቻ ተገኘ። መሐንዲሱ አወቀን አስከትሎ ክብረት ቤት መጣ። ዳሱ እንደቆመ ነው። አወቀም ዓይኑን በጨው አጥቦ «‹ጨርቁን ለልጄ ሰርግ አምጣልኝ› ያለኝ እሱ ነው» አለ በስዋሂሊ።

ሰርጉ የክብረት፣ ግቢው የክብረት፣ ለመሐንዲሱ የተሰጠውም ቃል የክብረት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄው ነው። ክብረት ወደ ሚስቱ ወደ የውብዳር ዞረ። ጨርቁ ከመኪና ሲወርድ የተቀበለችው እሷ ናት። አወቀ ከየት እንዳመጣው ነግሯት፣ «ክብረት እንዳይሰማ» ብሏት ነበር። ይህን ኋላ በራሷ አንደበት ነው የነገረችኝ።

«ንገሪያቸው እንጂ» አላት።

የውብዳር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች።

መሐንዲሱ ክብረትን እዚያው አሰናበተው። አወቀ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ክብረት «ለምን?» ብሎ ጠየቃት።

«ላንተ ሌላ ሥራ ይገኛል» አለችው። «ለልጄ ሌላ የክርስትና እናት ከየት አመጣለሁ?»

ክብረት ወጥቶ ጨርቁን ከዳሱ ላይ አወረደ፣ ጭቃ እንዳይነካው አድርጎ ጠቀለለውና ሐዲዱ ሥር እንዲነጠፍ ለመሐንዲሱ ላከለት።