ያልተዘጋው ዱአ

በኛ አገር ሰው መንገድ ሲወጣ ዱአ ይደረግለታል። ዱአ ደግሞ ከተከፈተ መዘጋት አለበት። ይህን ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ እኔ ስወለድም ነበረ። ሳይዘጋ የተነሳ ሰው መንገዱ አይቀናውም ይባላል። ስለዚህ ማንም አይነሳም። እግሩ ቢደነዝዝም፣ ከብቱ የሰው ማሳ ቢገባበትም ቁጭ ነው።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አንድ የሙስሊሞች በጎ አድራጎት ማኅበር አለ፤ በክረምት ተማሪዎችን ተቀብሎ ሕፃናትን ቁርኣን እያስቀሩ፣ የአቅመ ደካማ ቤት እየዞሩ እያገዙ እንዲሠለጥኑ ያደርጋል። እሷ «ኢንተርንሺፕ» ትለዋለች። «መድረሳ ማገልገል ማለት ነው?» ብላት «እሱም ያው ነው አባባ» አለችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አመልክታ አልተሳካላትም፤ አልቅሳ ነበር። ባለፈው ክረምት ተቀበሏት። ቦታው ግን ሩቅ ነው፤ አዲስ አበባን አልፎ፣ አሰላንም አልፎ። ዓርብ ከጁምአ ሶላት በፊት ያልደረሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጥበታል ብለዋታል። ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ነገረች፤ ደጋግማ ነገረች። ሁሉም «ኢንሻአላህ ትደርሻለሽ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አባቷ በክረምት ማሽላውን ጥሎ የትም አይሄድም። ብቻዋን አትሄድም ተባለ። በቤቱ ሥራ የሌለው ሰው እኔ ነኝና እኔ ላደርሳት ተመረጥኩ።

ረቡዕ ከአስር ሶላት በኋላ ቤታችን ሰው ሞላ። ወዳጃ ነው፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ጫቱን ይዞ ለመንገደኛዋ የሚማጠንበት። አንዱ ሽማግሌ ዱአውን ከፈተው። የሚዘጋው ግን ሼሁ ነው። ሼሁ እኩያዬ ነው፤ ጨፋ ሜዳ ላይ አብረን ከብት አግደናል። ያን ቀን ጨፋ ሮቢት ገበያ በሬ ሊያይ ወርዷል። ሼሁ በሬ ሲያይ ጥርሱን ያያል፣ ጭራውን ያያል፣ ባለቤቱን ያያል፣ ከዚያ ሳይገዛ ይመለሳል። እኛ እጃችንን ዘርግተን ጠበቅነው። የመግሪብ ሶላት ደረሰ። በመጨረሻ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ማዶ ቀርቷል የሚል ወሬ መጣ።

«እንግዲያ ሌላ ሰው ይዝጋው» አልኩ ቀስ ብዬ።

ታላቅ እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከሷ ፊት ቀስ ብሎ መናገርም አያድንም። «የልጅቷ አባት ሲዳር ማን ነው የዘጋው? እሷ ስትወለድስ? አሁን ለሩቅ አገር ስትሄድ ነው ሰው የምንቀይረው?»

ሌሊቱን እዚያው አሸልበን፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ልብሳችንን ለብሰን፣ ሻንጣዋን በር ላይ አቁመን ተቀመጥን። አስፋልቱ ከቤታችን ቅርብ ነው፤ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ።

«አባባ፣ አውቶቡሱ ሄደ።»

«ሰምቼዋለሁ ልጄ።»

ፀሐይዋ ከፍ ስትል እህቴ ራሷ ሰለቻት። ሼሁ በስልክ ይዘጋዋል አለች። ስልኬን እንዳላጠፋ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። ሻንጣ አንድ ብቻ ነው የተፈቀደው ብትባልም፣ ዱአ የተደረገበት ስንቅ አይተውም ብላ አንድ ጆንያ ጭኮና ቆሎ አሸከመችኝ።

ከሚሴ ደርሰን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ረዳቱ «ሞላ፣ ሞላ፣ ሁለት ሰው ብቻ» ይላል። ሁለት ሰው ሲገባ አንዱ ሙዝ ሊገዛ ይወርዳል። ሙዝ የሚገዛው ሲመለስ ሌላው ባጃጅ ውስጥ የረሳው ዕቃ ትዝ ይለዋል። የልጅ ልጄ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። እኔ ትዕግሥተኛ ሰው ነኝ ይሉኛል። ያን ቀን ግን ሙዝ የሚባል ፍሬ ጠላሁ።

የሰንበቴን ከተማ እንዳለፍን ስልኬ ጠራ፤ ሼሁ ነው። ጆሮው ስለሚከብደው የሚያወራው ወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ነው። ልጅቱ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገች። «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» ብሎ ጀመረ። ከብቱን ጠየቀ፣ ዝናቡን ጠየቀ። በሬው ጥርሱ አሮጌ ሆኖ እንዳልገዛው ነገረን። ከዚያ እጃችሁን ዘርጉ አለ።

ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ።

«ምነው ልጄ፣ መንገዱ ላይ?» አልኩት።

«ዱአ እየተደረገ መሪ ይዤ እጄን በምን ልዘርጋ አባቴ? እኔንስ ይለፈኝ?»

ከኋላ ያለች ነጋዴ ሴት «ለልጅቷ ብቻ ሳይሆን ለቲማቲሜም ዱአ አድርጉልኝ፣ መበስበሱ ነው» አለች። ያም ሆኖ እሷም እጇን ዘረጋች። ሼሁ ከነቢዩ አደም ተነሳ። ሶላትና ሰላም አወረደ፣ ደጋጎቹን ወልዮች አንድ ባንድ ጠራ፣ ዝናብ ወደ መለመኑ ገባ። ሚኒባሱ በሙሉ አሚን ይላል። ገና ወደ መንገደኛዋ ሳይደርስ ድምፁ ጠፋ። ብንደውል አይነሳም፤ ባትሪው ሞቷል።

«አለቀ?» አለ ሹፌሩ።

«ስልኩ ነው ያለቀው» አለች ልጅቱ፣ መስኮቱን እያየች።

አዲስ አበባ ስንገባ ጨልሞ ነበርና እወንድሜ ልጅ ቤት አደርን። ዓርብ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ የመጀመሪያው መኪና ሞልቶ ወጥቷል። ሁለተኛውን ስንጠብቅ እህቴ ደወለች።

«ተዘጋ?»

«አልተዘጋም።»

«እና ሳይዘጋ ነው የምትሄዱት?»

«አላህ ያውቃል» አልኳት። በኛ ቤት ለታላቅ እህት እንዲህ ብሎ መመለስ ከስድብ አይርቅም።

አሰላን አልፈን ስንሄድ የጁምአ አዛን ተሰማ። ልጅቱ እጄን ያዘችኝ። «አባባ፣ ለምን ዘገየሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ዱአው አላለቀልኝም ልበል?»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«እውነት ስለተናገርኩ ቦታ ይሰጡኛል?»

ጆንያው ጉልበቴን ቀጥቅጦታል፤ ልቤንም ሌላ ነገር ቀጥቅጦታል።

የማኅበሩ በር ላይ ስንደርስ ሰው ከሶላት እየወጣ ነበር። ቁልፍ የያዘች፣ ጅልባብ የለበሰች አንዲት ሴት ተቀበለችን። ክፉ ሴት አይደለችም። አንገቷን ሰብራ ሰላም አለችኝ፣ ውሃም አስመጣችልኝ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች።

«እህቴ፣ ከጁምአ በፊት ብለን ነበር። ተጠባባቂዋ እየጠበቀች ነው። አሁን ልደውልላት ነው» ብላ ስልኳን አወጣች።

የልጅ ልጄ አልተከራከረችም። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና እጀታውን እንደያዘች ቀረች። እኔ ከከሚሴ መምጣታችንን፣ መኪናውን፣ ሙዙን ላስረዳ አፌን ስከፍት ስልኬ ጠራ። ሼሁ ነው። በዕድሜዬ የሱን ስልክ ላጠፋ ያሰብኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልጅቱ ከእጄ ወሰደችና ድምፁን ለሁሉም ከፍታ ያዘችው። ለምን እንዲያ እንዳደረገች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

«ከየት ላይ ነበር ያቆምኩት?» አለ ሼሁ።

«ከዝናቡ» አልኩት በረጅሙ ተንፍሼ።

«ሃይ፣ እጃችሁን ዘርጉ።»

ዘረጋን። ሴትዮዋ ስልኳን ብብቷ ሥር አድርጋ እሷም ዘረጋች። ዱአ ሲደረግ እጁን የሚያጥፍ ሙስሊም የት ይገኛል? ሼሁ ዝናቡን ጨርሶ ወደ መንገዱ መጣ። ለመንገዱ፣ ለሹፌሩ፣ ለጎማው ለመነ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጃችን ከእናቷ ቤት ርቃለች። በር ከፍታ የምትቀበላትን ሴት፣ ያረቢ የጀነትን በር ክፈትላት።»

«አሚን» አለች ሴትዮዋ።

«አላስመሸቻትምና አታስመሻት። አልመለሰቻትምና ከደጅህ አትመልሳት።»

ሁለተኛው አሚን ቀስ ብሎ ወጣ። ሼሁ የቁርኣኑን ፋቲሓ ቀርቶ ዱአውን ዘጋው። ፊታችንን በእጃችን ዳበስን። ሴትዮዋ እጇን ከፊቷ ሳታወርድ ትንሽ ቆየች።

«አባቴ፣ እዚህ መቆሜን ነግረዋቸዋል?»

«ኧረ እኔ ምኑንም። እሱ ሰው በተሸኘ ቁጥር ነው እንዲህ የሚለው።»

«እንግዲህ አሚን ብያለሁ» አለች፤ ቅር ያላት ትመስላለች። «አሚን ያልኩበትን እንዴት አድርጌ እመልሳለሁ? ተጠባባቂዋንም ሌላ ቦታ እፈልግላታለሁ። ግቢ።»

ልጅቱ ጉልበቴን ስማ፣ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። ከበሩ ወዲያ ወንድ አይገባም። ጆንያውን አንድ ሻንጣ ብቻ ነው ብለው መለሱልኝ። ግንቡ ጥግ ቁጭ ብዬ ከጭኮው ቆርሼ እየበላሁ ለእህቴ ደወልኩ።

«ተዘግቷል። ገብታለች።»

«አየህ፣ ሼሁን ባንጠብቀው ኖሮ» አለች።

ባንጠብቀው ኖሮ ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍረን በጊዜ በደረስን። ይህን ልላት ጭኮዬን ዋጥኩ። ከዚያ ተውኩት።

«አንተ ደግሞ ለመመለሻህ ዱአ ሳይደረግልህ እንዳትነሳ» አለችኝ። «ሼሁ ይደውልልሃል።»

ጆንያውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ መናኸሪያው አዘገምኩ። ገና ሳልደርስ ስልኬ ጠራ።