የጋሽ ይቆይ ቁራጮች

ሰፈሩ «ጋሽ ይቆይ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ግን የገዛ አፉ ነው። አናጢው ከሥራ የተረፈ እንጨት እጁ ከገባ ገልበጥ አድርጎ ያየውና «ይቆይ» ይላል። እንጨቱም ይቆያል፣ ዓመት አልፎ ዓመት ይመጣል፣ እንጨቱ አሁንም እዚያው ነው።

ዝም ብሎ መከመርማ ማንም ይከምራል። እሱ ግን ለእያንዳንዱ ስም አለው። ክንድ የሚያህለው «ቁራጭ» ነው፣ ጣት የሚያህለው «ቁርጥራጭ»፣ ሚስማር የሰነጠቀው «ስብርባሪ»፣ መላጊያው የጣለው «ፍቅፋቂ»። ምንነቱ ያልታወቀው ደግሞ «ቅራቅንቦ» ተብሎ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ስም ያለው ነገር አይጣልም፣ ሕጉ ይኸው ነው። «ቆሻሻ» የሚለው ቃል በእሱ አፍ ለእንጨት ተነግሮ አያውቅም።

ባለቤቱ ግን ይህን ሁሉ ስም ታጠናለት ዘንድ ጊዜ የላትም። ለእሷ ሁሉም ኮተት ነው። እሱን ከክምሩ መሀል ተቀምጦ ስታገኘውማ «ኮተቱ ከነባለቤቱ» ትላለች። አይከፋውም። ሲነሳና ሲቀመጥ ወገቡ ከሚያሰማው ድምፅ ተነስቶ ራሱን ከስብርባሪው ወገን ከመደበ ቆይቷል።

ነገሩ የከረረው ልጃቸው የወለደች ጊዜ ነው። ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ስለሄደ ሕፃኑን ይዛ እናት አባቷ ቤት ልትከርም ሆነ። የምታርፍበት ጓዳ ደግሞ እስከ ጣሪያው እንጨት ነው።

«ቅዳሜ ትመጣለች» አለች ባለቤቱ። «ጓዳው ባዶ ካልሆነ እህቴ ጋ ትረፍ ብያታለሁ።»

አናጢው ክው አለ። የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ታቅፎ የሚውለው የሚስቱ እህት ባል ሊሆን ነው! ያ ወሬኛ! ያን ቀን ባለቤቱ ገበያ ስትወጣ እጅጌውን ሰብስቦ ጓዳው ገባ።

አንዱን አነሳ፤ ለመደርደሪያ ይሆናል። ሌላውን አነሳ፤ ለበር እጀታ ይሆናል። ላብ በላብ ሆኖ ስንቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ፣ ጓዳው ግን እንደሞላ ነው። በመጨረሻ ከበሩ ኋላ አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አገኘ። እንጨት አይደለምና አንጀቱን አልበላውም። ቆሻሻ ሰብሳቢው ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ ጠራውና «ቆሻሻ ነው፣ ውሰደው» አለው። ቃሉ እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረመው። በራሱም ኮራ።

ባለቤቱ ስትመለስ ዓይኗ በቀጥታ ወደ በሩ ኋላ ሄደ።

«እዚህ የነበረው ቋጠሮ የት ገባ?»

«ቡትቶው? ጣልኩታ! ይኸው ጀመርኩልሽ።»

ዘንቢሏን አስቀምጣ ቁጭ አለች። የልጃቸው የሕፃንነት ልብሶች ነበሩ፤ ለዚህ ለሚመጣው ብላ አጥባ፣ አጣጥፋ ያኖረቻቸው።  

ሽርጡን እንዳሸረጠ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ወጥቶ ሮጠ። ለነገሩ ሩጫ ይበሉት እንጂ በጎን የሚያልፉት አሮጊት ቀድመውታል። ሰብሳቢውን የደረሰበት መንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። ቋጠሮው ከጋሪው እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይኸውልዎት ጋሼ» አለ ሰብሳቢው እየሳቀ። «እርስዎ አንድ ነገር ቆሻሻ ነው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ተሳስተው ነው፣ መምጣትዎ አይቀርም ብዬ ለብቻ አስቀመጥኩት።»

አናጢው ቋጠሮውን ደረቱ ላይ አቅፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። በጣም አፈረ። እንጨቱን ሊያተርፍ ብሎ የልጁን ልብስ አውጥቶ ሰጠ።

«ጋሪህን ይዘህ ተከተለኝ» አለው።

እያነሳ የጫነው ራሱ ነው። በእያንዳንዱ እንጨት «ይቆ...» እስኪል አፉ ይከፈታል፣ መልሶ ይውጠዋል። ለዳቦ ቤት ማገዶ ይሆናል ብሎ ተጽናና። ጓዳው ባዶ ሆነ። ከዚያ ለልጁና ለሕፃኑ አልጋ ሊሠራ ሲያስብ የባሰውን ጉድ አየ፤ ከዚያ ሁሉ ክምር ለአልጋ የሚበቃ ርዝመት ያለው አንድ እንጨት አልነበረም። ሄዶ አዲስ ጣውላ ገዛ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

«አንድም ያስቀረኸው የለም?» አለች ባለቤቱ ወለሉን እየጠረገች።

«ልሙት!» አለ ፈጠን ብሎ።

ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። አዲሱ አልጋ ላይ ሕፃኑን አስተኝታ ጠርዙ ላይ ቁጭ ስትል አልጋው ዘንበል ብሎ ቋ አለ። ሕፃኑ ብንን አለ። ፈቀቅ ስትል በሌላው እግሩ ቋ አለ።

«ወለሉ ነው» አለ አናጢው። አናጢ ሁሉ የሚለው እንደዚህ ነው።

ካርቶን አጥፈው እግሩ ሥር አስገቡ፣ ተጨፈለቀ። ከዚያ ቤት አንዲት ስባሪ እንጨት ጠፋች። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። አናጢው ግንባሩን እየጠረገ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባለቤቱ እጇን ዘረጋችለት።

«አውጣው።»

«ምኑን?»

«ኪስህ ውስጥ ያለውን።»

ልጃቸው ሳቋን ለመያዝ አፏን በእጇ ከደነች። አናጢው ከቀኝ ኪሱ አውራ ጣት የምታህል ቁርጥራጭ አውጥቶ ሰጠ። ባለቤቱ ተንበርክካ የአልጋው እግር ሥር አስገባቻት። አልጋው ቀጥ አለ። ሕፃኑም ቀስ በቀስ ዝም አለ፣ ከዚያ ተኛ።

እሷ ግን ገና አልተነሳችም። ቀና ሳትል እጇን እንደገና ዘረጋች።

«የግራ ኪስህንስ?»